ስዋብ ብናደርግ ሁሉም ቦታ ባክቴሪያ በቀለ፤ ቀጥሎስ ምን እናድርግ?

የጨቅላዎቹ ነርስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የዞን ሆስፒታል የጨቅላ ሕጻናት ክፍል ነርስ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የኢንፌክሽን መከላከሉ ሥራም ተደርቦ ተሰጥቶኛል። የአምስት ቀን ሥልጠና ወስጄ አንድ ወፍራም ጥራዝ ይዤ ተመለስኩ። የቀረውን እየሠራሁ ነው የምማረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሕጻን ታመመብን። ሲወለድ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ነበር። እናቱ ደረቷ ላይ አድርጋው እየዋለች በርትቶልን ነበር። ክብደትም መጨመር ጀምሯል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስገባ ጡት አልይዝም አለ። እግሩን ብነካው ቀዝቅዟል። የደም ካልቸሩ (ባክቴሪያ የማብቀል ምርመራው) ሲመጣ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ሆነ። በአራተኛው ቀን ደግሞ አጠገቡ ዋርመር (ማሞቂያ አልጋ) ላይ የነበረችው ሕጻን እንዲሁ ሆነች። የእሷም ካልቸር ክሌብሲየላ አለ። እሱ ዳነ። እሷን አጣናት። እናቷ ጋቢዋን አጣጥፋ ስትወጣ በሩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከክፍሉ ዕቃዎች ላይ አልነቀል አለኝ።

ላብራቶሪያችንን ለምኜ 24 ቦታ ስዋብ አደረግን፤ በጥጥ እንጨት እየጠረግን ናሙና ወሰድን ማለት ነው። የበር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የዋርመሮቹ ጠርዝ፣ የሞኒተር ቁልፎች፣ የኦክሲሜትር ገመድ፣ የሰክሽን ማሽን፣ የመድኃኒት ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሚዛኑ፣ ጥጥ የምንነክርበት የሳቭሎን (የቆዳ ማጽጃ መድኃኒት) ዕቃ፣ የእኔም ስልክ ሳይቀር። ስዋቡን በሳላይን አርሰን ቦታውን አሽተን ብሮዝ (ባክቴሪያ የሚያበቅል ፈሳሽ) ውስጥ ከተትነው። ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ አደረ። ጠዋት ብለድ አጋርና ማኮንኪ በሚባሉ ማብቀያ ሳህኖች ላይ ተዘራ። ከ24ቱ 21ዱ አበቀሉ።

ውጤቱን ለስብሰባ አቀረብኩት። እዚያ የሆነው ነገር እስካሁን ያመኛል። «21 ቦታ ቆሻሻ ነው ማለት ነው» ተባለ። ለጽዳት ሠራተኞቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። የእኛን ክፍል የምታጸዳው እናት ስብሰባው ላይ አልነበረችም። በኋላ ስትሰማ መጥታ እጇን አሳየችኝ። በበረኪናው ተላልጦ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። «ልጄ፣ እኔ ምን አጎደልኩ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያንን ሪፖርት የጻፍኩት ለእሷ ደብዳቤ እንዲጻፍባት አልነበረም።

አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስንት ባክቴሪያ ሲገኝ ነው ቦታው «ንጹሕ» የሚባለው? ስዋቡ መደረግ ያለበት ከጽዳት በፊት ነው ወይስ በኋላ? በየወሩ እናድርገው ቢባል ላብራቶሪው ከ30 ሳህን በላይ ሊሰጠን አይችልም። ያለ ብዙ ገንዘብ በየጊዜው የምንከታተልበት ሌላ መንገድ ያለው ካለ ይንገረኝ።

ለመረጃ ያህል፦ ክሌብሲየላ የወጣው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ገንዳ እና ከሳቭሎኑ ዕቃ።

---

ጡረተኛው ላብራቶሪ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሕጻን ሲሞት ነርሷም ሐዘንተኛ ናት። እሷን የሚያጽናና ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ቀጥዬ የማስቀድመው የመጨረሻ መስመርሽን ነው። ለመረጃ ያህል ብለሽ ያለፍሽው ነገር ዋናው ነው። ያንን ሳቭሎን ዛሬውኑ ድፊው። ይህን እያነበብሽ ክፍሉ ውስጥ ከሆንሽ አሁኑኑ ተነሺና ድፊው። ግን መታጠቢያው ላይ አትድፊው፤ ሽንት ቤት ውስጥ ይሁን። ከዕቃው ጥቂት ናሙና አስቀድመሽ ለላብራቶሪ አስቀሪ። ከዚያ ተመለሺና ቀሪውን አንብቢ።

ለምን መሰለሽ። በውኃ የተበጠበጠ ሳቭሎን ሁሉን ይገድላል ብለን እናምናለን። አይገድልም። ሱዶሞናስ፣ ሴራሺያና መሰል ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉ ባክቴሪያዎች (ክሌብሲየላም ከእነሱ ወገን ነው) በተበጠበጠ ሳቭሎን ውስጥ ተመችቷቸው ሲኖሩ በብዙ አገር ታይቷል። ሰው ያጎደለውን ይሞላል እንጂ ዕቃውን አጥቦና አድርቆ እንደ አዲስ አይጀምርም። ጥጡ ደግሞ ውስጡ ያድራል። ጥጥ የመድኃኒቱን ኃይል ወደ ራሱ ይስባል። በዚያ ላይ የሁሉም እጅ ይገባበታል። እኔ በሠራሁበት ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ። ጥጡን በፒንሴት ሳነሳው እንደ ተልባ ውኃ ዝልግልግ ብሎ ተከተለኝ። ያንን ጥጥ ነበር መርፌ ከመወጋታቸው በፊት ቆዳቸው ላይ የምናሸው።

አሁን ወደ 21ዱ። ብሮዝ ውስጥ አሳደርነው ስትዪ ነገሩ ገባኝ። ብሮዝ ለባክቴሪያ ሾርባ ነው። ሲመቻት አንዷ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ትሆናለች። ማታ አንዲት ብትገባ ጠዋት ሚሊዮኖች ሆና ትጠብቅሻለች። ስለዚህ በብሮዝ ያደረ ስዋብ «አለ» ወይም «የለም» ነው የሚለው፤ «ይህን ያህል» አይልም። ከኦቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) ከወጣ ጥቅል በቀር ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ «የለም» የሚባል ቦታ አታገኚም። በሽታ አምጪውን ስትፈልጊ ብሮዝ ጥሩ ነው። ጽዳትን ለመለካት ግን አይሆንም። ከ21ዱ አብዛኞቹ ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፍ ወይም ባሲለስ ቢሆኑ አልደነቅም። የመጀመሪያው የቆዳችን፣ ሁለተኛው የአቧራ ነዋሪ ነው። ያቺ እናት ደብዳቤ የሚጻፍባት በዚህ ከሆነ በእኔም በአንቺም ቆዳ ላይ ላለ ነገር ነው።

መቁጠር ከፈለግሽ አሠራሩ እነሆ። ከአሮጌ የራጅ ፊልም 10 በ10 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ቆርጠሽ አውጪ። በየቦታው መሐል በ70% አልኮል አጽጂው። ፊልሙን ቦታው ላይ ታስቀምጪና ስዋቡን እያዞርሽ በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ ታሺበታለሽ። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ ከትተሽ ደህና አድርገሽ ንጪው። ከእሱ 0.1 ሚሊውን ሳህን ላይ ዘርግተሽ 37 ዲግሪ ላይ ታሳድሪዋለሽ። በማግስቱ ቁጠሪ፣ በሁለተኛውም ቀን እዪው። 30 ኮሎኒ (የበቀለ የባክቴሪያ ነጠብጣብ) ብታገኚ፣ የዘራሽው አንድ አሥረኛውን ነውና 300 ማለት ነው። 300ን ለ100 ሴንቲሜትር ካሬ ስታካፍዪ 3 ይሆናል። እንደ እጀታና ማብሪያ ላለ ጠፍጣፋ ላልሆነ ነገር ፊልሙ አይሆንም። እዚያ ዕቃውን ሙሉ አሽተሽ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ዕቃ ከራሱ ጋር አነጻጽሪ።

ስንት ሲሆን ነው ንጹሕ ላልሽው፣ ስኮትላንድ ውስጥ የምትሠራ ስቴፋኒ ዳንሰር የምትባል የማይክሮባዮሎጂ ሐኪም በፈረንጆች 2004 ያቀረበችው ሐሳብ ብዙ ቦታ ይጠቀሳል። እጅ በሚበዛበት ቦታ ላይ በአንድ ሴንቲሜትር ካሬ ከ5 ኮሎኒ በታች። እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ያለ ዋና በሽታ አምጪ ከሆነ ደግሞ ከ1 በታች። በኋላ 5ቱን ወደ 2.5 ዝቅ ያደረጉም አሉ። ይህ ሕግ አይደለም። ከምግብ ፋብሪካ የንጽሕና ልኬት የተወሰደ ሐሳብ ነው። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ካለፈው ወር የራሳችሁ ቁጥር ጋር ለማነጻጸር ነው።

በፊትና በኋላ ላልሽው፣ አንድን ቦታ በሁለቱም ጊዜ ውሰጂ። ልዩነቱ ነው የሚያስተምርሽ። ግን በረኪናው እርጥብ እያለ አትውሰጂ። ክሎሪኑ ከስዋቡ ጋር ተያይዞ ቱቦው ውስጥም መግደሉን ይቀጥላል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ጸዳ ብለሽ ትታለያለሽ። ይድረቅ። ላብራቶሪው ሶዲየም ታዮሰልፌት ካለው ሳላይኑ ላይ ይጨመርበት፤ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። አንድ ያልተነካ እርጥብ ስዋብም እንደ ሌሎቹ ይዘራ። እሱ ካበቀለ ጥፋቱ የእኛ የላብራቶሪዎቹ ነው።

(ስለ ብለድ አጋር አንድ ነገር ልበል፤ የበግ ደም የሚገባበት ማብቀያ ነው። እኛ ጋ ለዚህ ሥራ ብቻ የምናረባት በግ ነበረችን፣ ግቢው ውስጥ የምትውል። በግ ስትጠፋ ከደም ባንክ ጊዜው ያለፈበት ደም ተቀብለው የሚሠሩ አሉ። አይሁን። በደሙ ውስጥ ያለው ሲትሬትና አንቲቦዲ አንዳንዱን ባክቴሪያ እንዳይበቅል ያግደዋል።)

በየወሩ ላልሽው መልሴ አይደለም ነው። አሜሪካኖቹ እስከ ፈረንጆች 1970 ድረስ ወለሉንም አየሩንም በቀጠሮ ካልቸር ያደርጉ ነበር። በዚያው ዓመት የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤታቸው ሲዲሲና የሆስፒታሎች ማኅበራቸው ይህ ይቅር ብለው መምከር ጀመሩ። ቁጥሩ ሕመምተኛው በኢንፌክሽን መያዝ አለመያዙን አልነገራቸውም። ስዋብ የሚወሰደው ጥያቄ ሲኖርሽ ነው። አሁን አለሽ። ሁለት ሕጻናት፣ አንድ ባክቴሪያ፣ አራት ቀን። ስለዚህ 30ውን ሳህን እርጥበት ወዳለበት አዙሪው። የኦክስጅኑ ውኃ ጠርሙስ፣ የሰክሽን ቱቦ፣ የታለበ ወተት የሚቀመጥበት ኩባያ፣ ተከፍቶ ለብዙ ሕጻን የሚቀዳ ግሉኮስ ወይም መድኃኒት፣ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ። እዚህ ላይ ብሮዝሽን ተጠቀሚ፤ የምትፈልጊው «አለ ወይስ የለም» ነውና። ከሕጻናቱ የወጣውና ከሳቭሎኑ የወጣው ክሌብሲየላ በመድኃኒት ምርመራው (የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚገድለው በሚታይበት) አንድ ዓይነት መሆኑን ላብራቶሪውን ጠይቂ። አንድ ከሆነ ዝምድና ሊኖራቸው ይችላል፤ የተለያየ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ናሙናዎቹ እንዳይጣሉ፣ ለሪፈረንስ ላብራቶሪ ይቀመጡ።

ደረቅ ቦታውም አይናቅ። በፈረንጆች 2006 የወጣ አንድ የጥናቶች ስብስብ ክሌብሲየላ በደረቅ ነገር ላይ ከ2 ሰዓት እስከ 30 ወር በላይ፣ አሲኔቶባክተር የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ከ3 ቀን እስከ 5 ወር ሊቆይ እንደሚችል ይዘረዝራል። ጅማ ላይ ደግሞ 176 ስቴቶስኮፕ ተመርምሮ 151ዱ ላይ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ በፈረንጆች 2013 የታተመ ነው። ለእያንዳንዱ ዋርመር የራሱ ስቴቶስኮፕ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ዶክተሩ አንገቱ ላይ ያለውን በአልኮል ይጥረገው።

---

ባልዲና መወልወያ

እኔ በጽዳት ሥራ 14 ዓመቴ ነው። አሁን አስተባባሪ ነኝ። የዚያችን እናት እጅ ሳነብ የራሴን አየሁ።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሞኒተሩን ቁልፎችና የኦክሲሜትሩን ገመድ በእናንተ ክፍል ማነው የሚጠርገው? በደንብ ጠይቂ። እኛ ጋ ለዓመታት ማንም አልነበረም። ጽዳት ሠራተኛ ስትቀጠር የመጀመሪያው ቀን «ማሽን እንዳትነኪ» ትባላለች። እውነትም ነው፣ ብትነካውና ቢበላሽ ከደሞዟ ነው። ነርሶቹ ደግሞ ጽዳት የጽዳት ሥራ ነው ብለው ያልፋሉ። ወለሉ ያበራል፣ መስኮቱ ያበራል፤ ሕጻኑ እግር ላይ የሚታሰረው ገመድ ግን ከሕጻን ወደ ሕጻን እንዲሁ ይዞራል። ወለሉን ማን ይነካዋል? ገመዱን ነው የሚነኩት።

ከነርስ ኃላፊዋ ጋር ቁጭ ብለን ክፍሉን ዞርን። ያየነውን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ጻፍን። አጠገቡ የሚጠርገውን ሰው ጻፍን። 11 ዕቃ ባለቤት አልነበረውም። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም። ማናችንም አልሰነፍንም። በመሐላችን ወድቆ ነው የቀረው።

ስለ በረኪናው። እጅ የሚልጥ ከሆነ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፣ ወይም ጓንት የላትም። የእኛ ገበያ በረኪና ብዙ ጊዜ 5% ነው፤ መለያውን እዩ። ደም ለፈሰሰበት ቦታ 0.5% ይፈለጋል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ። ለተራ ቦታ ግን 0.1% ይበቃል። ይህም በ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ነው። እኛ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ 200ው የሚደርስበትን በፓርከር አስምረን ባልዲው ላይ አሰርነው። በፊት በግምት ነበር። አንዷ ጨብጣ ታፈሳለች፣ ሌላዋ ቆጥባ ጠብ ታደርጋለች።

ዕለት ዕለት ይበጥበጥ። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፣ ሳሙናው በውኃ ይውጣ፣ ከዚያ በረኪና፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ቆሻሻውን ሲታገል ያልቃል። ካፈሰሱ በኋላ ወዲያው አይጠረግ፣ ቦታው 10 ደቂቃ እንዲርስ ይተው። ሕጻን የሚተኛበት ከሆነ በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ይጠረግና ይድረቅ። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቼም እንዳይቀላቀል። አንዲት ጓደኛችን በዚያ ጭስ ታፍና አልጋ ይዛ ነበር።

ጨርቁንም እዩ። በአንድ ጨርቅ ስድስት ዋርመር ከተጠረገ ስድስቱን ማዳረስ ነው። እኛ ለየዋርመሩ አንድ ጨርቅ እንይዛለን። ጨርቅ ካነሰን ደብዳቤ የምንጽፈው እኛ ነን።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በፈረቃዬ ካሉት ግማሾቹ አበሾች ነን። ያለ ብዙ ገንዘብ የሚደረግ ላልሽው አንድ ሐሳብ አለኝ።

እዚህ ሁለት ነገር ይጠቀማሉ። አንዱ ኤቲፒ የሚሉት መለኪያ ነው። ቦታውን በስዋብ ይጠርጉና ማሽኑ ውስጥ ይከቱታል። በሴኮንዶች ውስጥ ቁጥር ያወጣል። በሌሊት የምታበራው ትል ብርሃን የምታወጣበት ኤንዛይም ነው የሚሠራው። ፈጣን ነው፣ ግን ስዋቡ ውድ ነው። የባክቴሪያውንም የወተቱንም የደሙንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። የተረፈ በረኪናም ቁጥሩን ያዛባዋል። ማለፊያው ቁጥርም ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ አንዱ 100 ሲል ሌላው 250 ወይም 500 ይላል። ለናንተ አልመክርም።

ሁለተኛው የሚያበራ ጄል ነው። እጅ የሚበዛባቸው ቦታዎች ላይ ከጽዳት በፊት ትንሽ ነጠብጣብ ያደርጋሉ። በዓይን አትታይም። ከጽዳት በኋላ በአልትራቫዮሌት መብራት ይመጣሉ። ነጠብጣቧ ካለች አልተጠረገም። ፊሊፕ ካርሊንግ የሚባል የቦስተን ሐኪም ነው ያስፋፋው። በፈረንጆች 2008 ባወጣው ሥራ 23 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ መጠረግ ከነበረባቸው ቦታዎች የተጠረጉት በአማካይ 49% ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ገንዘብ ባለበት አገር። ስለዚህ አትሸማቀቁ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሱቅ አለው። የብር ኖት የሚፈትሽባት ትንሽ መብራት ያው አልትራቫዮሌት ናት። ጄሉ ከሌላችሁ የቢጫ ሃይላይተር ቀለም በጥቂት ውኃ በጥብጣችሁ ነጠብጣብ አድርጉ፣ ይድረቅ። ለስላሳና ጠንካራ ነገር ላይ ብቻ ይሁን፤ ጨርቅና እንጨት ላይ ነክሮ ይቀራል። በዱቄት ሳሙና የሚሠሩም አይቻለሁ፣ ያበራል። ግን ጨርቃችሁ በዚያው ሳሙና ከታጠበ እሱም ስለሚያበራ የተጠረገው ሁሉ ቦግ ብሎ ያሳስታችኋል።

አንድ ልብ በሉ። እኔ ጋ መጀመሪያ ሲመጡ ሳይነግሩን ነበር። መብራቱን ሲያበሩ እንደ ሌባ የተያዝኩ ነው የመሰለኝ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። በኋላ አዲስ ኃላፊ መጣችና መብራቱን ለራሳችን ሰጠችን። «ዞራችሁ እዩት» አለች። የአልጋውን መጥሪያ ቁልፍ ጀርባ ለስንት ዓመት እንዳላየሁት ያኔ ነው ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያየኝ ጀርባውን እገለብጣለሁ።

---

የጨቅላዎቹ ነርስ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ይቅርታ፣ ዝም ያልኩት ውጤት ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሳቭሎኑን በዚያው ሌሊት ደፋሁት። ናሙና አስቀርቻለሁ። የእኛም ጥጥ ዝልግልግ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼው እርጥብ ስለሆነ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። የመድኃኒት ምርመራው ወጣ። የሁለቱ ሕጻናትና የሳቭሎኑ ክሌብሲየላ በተሞከሩት መድኃኒቶች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ሰጡ። ዝምድናው ገና ይጣራል፣ ናሙናዎቹ ተልከዋል። ያንን ወረቀት ይዤ መኪና ማቆሚያው ላይ ብዙ ቆሜአለሁ። ያንን ጥጥ ስንነክር የነበርነው እኛው ነርሶቹ ነን። የጽዳት ሠራተኛዋ ዕቃውን ነክታው አታውቅም።

ይህንኑ በስብሰባው ላይ ተናገርኩ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ተነሣ። አሁን ደረቅ ጥጥ ነው የምንይዘው። 70% አልኮል በትንንሽ ጠርሙስ ይመጣል፣ ጠርሙሱ አይሞላም፣ ሲያልቅ ይመለሳል።

እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉት ክፍሉን ዞርን። እኛ ጋ ባለቤት የሌለው 9 ዕቃ ነበር። ሚዛኑ አንዱ ነው። እያንዳንዱ ሕጻን ራቁቱን የሚተኛበት ሚዛን! የሞኒተሩና የገመዱ ጉዳይ ለነርስ ሆነ፣ ፈረቃ ስንረካከብ ወጪዋ ጠርጋ ታስረክባለች። ለዋርመሮቹ ለየብቻ ጨርቅ ለማግኘት ከልብስ ስፌት ክፍል አሮጌ አንሶላ ለምነን አስቆረጥን። ወፍራም ጓንትም ተገዛ።

የመብራቱ ነገር ግን ልዩ ነው። መብራቷን ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። 20 ነጠብጣብ አደረግን፣ ለሁሉም ነግረን። ማታ መጋረጃውን ዘግተን ጓደኛዬና ያቺ እናት ተከተሉኝ። መብራቷን የያዘችው እሷ ናት። ከ20ው የተጠረጉት 9 ነበሩ። ሞኒተሩ ላይ ያሉት አራቱም ነጠብጣቦች እንዳሉ አረንጓዴ ሆነው በሩ። እሷ ዝም ብላ አየቻቸውና «እነዚህ የእኔ አልነበሩም» አለች። «የእኛ ነበሩ» አልኳት። ከዚያ ወደ ዋርመሩ ጎንበስ ብላ ከጠርዙ ሥር ያለችውን አንዷን አገኘች። «ይህቺ ግን የኔ ናት» ብላ እዚያው በጨርቋ ጠረገቻት። በወሩ ስንደግመው ከ20ው 16 ደረስን።

ስልኬን አሁን ከበሩ ውጪ ነው የምተወው።

እስካሁን ሌላ ሕጻን በክሌብሲየላ አልያዘብንም። ስድስት ሳምንት ብቻ ነውና ተፈታ ለማለት አልደፍርም።

አንድ ግን አልተፈታም። የእጅ መታጠቢያው። በረኪና አፍስሰን ከሦስት ቀን በኋላ ስዋብ ስናደርግ ንጹሕ ነበር። በአሥረኛው ቀን ያው ክሌብሲየላ ተመልሶ በቀለ። ምን እናድርገው?

---

ጡረተኛው ላብራቶሪ

ተባረኪ ልጄ። ያቺ እናት መብራቷን መያዟ ደስ አሰኘኝ። እኔ በዘመኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ውጤት ስንጽፍ ለሐኪሙና ለኃላፊው ነበር የምንልከው።

የመታጠቢያው ነገር እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ያለው ከገንዳው በታች፣ ውኃ በሚተኛበት የቱቦው ጉልበት (መታጠፊያ) ላይ ነው። እዚያ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንደ ሽፋን ያለ አተላ ይሠራል። በረኪናው ላዩን ገድሎ ያልፋል፤ ከሥር ያለው ቀን ጠብቆ ይመለሳል። ጉልበቱ ራሱ ተፈትቶ ይቀየር። ርካሽ ፕላስቲክ ነው።

ቢቀየርም ግን የሚያበላው ካገኘ ይመለሳል። የተረፈ ግሉኮስ፣ ወተት፣ አንቲባዮቲክ እዚያ ገንዳ ላይ አይደፋ። ለእጅ ብቻ ይሁን። ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ቀጥ ብሎ ቀዳዳው ላይ የሚወርድ ከሆነ የሥሩን አንስቶ ይረጫል፤ አቅጣጫው ወደ ገንዳው ጎን ይዙር። የሚረጨው እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። የወተት ኩባያ ወይም መድኃኒት የምታዘጋጁበት ጠረጴዛ አጠገቡ አለ?

---

የጨቅላዎቹ ነርስ

አለ። የወተት ኩባያዎቹ የሚደርቁት እዚያው ገንዳው ጠርዝ ላይ ነው። አሁን ተነሥቼ አነሳኋቸው፣ እንደገና ይቀቀላሉ። ጠረጴዛውን ነገ ወደ መስኮቱ እናዞረዋለን። የጥገና ክፍሉ ለጉልበቱ ሐሙስ እመጣለሁ ብሏል። ከተቀየረ በኋላ በሦስተኛው፣ በአሥረኛውና በሃያኛው ቀን ስዋብ አደርጋለሁ፣ ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።